ድሮዊንጌ ለምን በቀይ ተሞልቶ ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድራፍቲንግ (የግንባታ ንድፍ ሥራ) ሌቭል 4 ጨርሼ ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ምዘናውንም) አልፌያለሁ። ከዚያ ሁለት ወር አውቶካድ የሚባለውን የንድፍ መሥሪያ ሶፍትዌር ተማርኩ። ሐዋሳ ውስጥ አንድ አማካሪ ድርጅት ከተቀጠርኩ አራት ወሬ ነው። ትዕዛዞቹን አውቃቸዋለሁ፣ እጄም ፈጣን ነው። ግን የሠራሁት ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ይመለስብኛል። አለቃዬ «ይሄ ሥዕል እንጂ ድሮዊንግ አይደለም» አሉኝ። ምንድን ነው የጎደለኝ? ሬቪት የሚባለውን ሌላ የንድፍ ሶፍትዌር ልማር? ስንት ጊዜስ ይፈጅብኛል? ላፕቶፕም ልገዛ ነው፣ ምን ዓይነት ይሻለኛል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ የላፕቶፑን ነገር መጨረሻ ላይ እናመጣዋለን። መጀመሪያ ስለ አንድ ደረጃ ላጫውትሽ።

ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ የአንድ ጂ ፕላስ ዋን መኖሪያ ቤት ደረጃ እንድሠራ ተሰጠኝ። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር፣ 18 እርከን። 300 ለ18 ሲካፈል 16.67 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ስክሪኑ ላይ እንከን አልነበረውም፤ እርከኖቹ ሁሉ እኩል ናቸው። የመለኪያ ስታይሌ ግን ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር እንዳያሳይ ተደርጎ ነበርና ወረቀቱ ላይ የታተመው «17» ሆነ። አናጺው ወረቀቱን አመነ። 17 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ጣውላ አበጀና በእሷ እየለካ ከታች ወደ ላይ ወጣ። አሥራ ሰባተኛው እርከን ላይ ሲደርስ 289 ሞላው፤ ለመጨረሻው የተረፈለት 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። የታወቀው አርማታው ከተሞላ በኋላ ነው። ቤቱን ሊያይ የመጣ ሁሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ እግሩን ከልኩ በላይ እያነሳ አየር ይረግጥ ጀመር። ባለቤቱ ራሳቸው ሁለቴ ለጥቂት ተረፉ።

አናጺው የተጻፈለትን ሠራ፣ አውቶካድም የታዘዘውን ሣለ። ጥፋቱ መሐል ላይ ነው፣ እኔ ጋ። «18 × 16.67 = 300» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ አናጺው ሙሉውን ከፍታ ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጎ ለ18 ያካፍለው ነበር።

አለቃሽ ያሉሽን ነገር እኔ የምረዳው ከዚህ ተነስቼ ነው። ድሮዊንግሽን የሚያነበው ሰው አንቺን ሊጠይቅሽ አይችልም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሳይት መሐል፣ የታጠፈና ሲሚንቶ የነካው ኤ3 ወረቀት ይዞ ቆሟል፤ ከኋላው ደግሞ የቀን ሠራተኛው ሥራ ስጠን እያለ ይጠብቀዋል። የሚፈልገውን ቁጥር ሳይደምር፣ ሳይቀንስና ሳይገምት ማግኘት አለበት። አንቺ እስካሁን የተማርሽው መስመሩን እንዴት እንደምታሰምሪ ነው። የቀረሽ፣ ያንን መስመር ሜትርና ጄሶ ይዞ መሬት ላይ የሚያወርደው ሰው ከየት ጀምሮ እንደሚለካ ማወቅ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ ከሚይዙት ወገን ከሆንኩ ቆይቻለሁና፣ ወረቀትሽን ሳላየውም ምን ምን ላይ እንደተሰመረበት ለመገመት ልሞክር።

ትልቁ መለኪያ ነው። ግንበኛ የሚነሳው ከአክሲስ (ኮለኖቹ ከሚሰለፉበት መነሻ መስመር) ወይም ከኮለን (ከምሰሶ) ፊት ነው፤ የሚያስቀምጠው ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ነው። ልስኑ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግድግዳው 24 ወይም 25 ይሆናል። አንቺ መለኪያሽን ከልስን እስከ ልስን ከሰጠሽው ገና በሌለ ነገር ላይ ለካ እያልሽው ነው። እስከ ብሎኬቱ ስጪው። በርም እንዲሁ፦ «90» ብለሽ ብትጽፊ የክፍተቱ ነው፣ የፍሬሙ ነው፣ ወይስ የመዝጊያው? በሩስ ከኮለኑ ስንት ይርቃል? በር ሥሎ ቦታውን አለመለካት የጀማሪ ሁሉ ልማድ ነው፤ እኔም ነበረብኝ። ፌሮ ሠራተኛው ደግሞ ሌላ ዓይን አለው። የሱ ብረት የሚመጣው 12 ሜትር ሆኖ ነው። የቢሙ (የአግዳሚው ተሸካሚ) ርዝመት ብቻ አይጠቅመውም፤ ስንት ፍሬ፣ ስንት ዲያሜትር፣ የት ላይ ታጥፎ፣ በስንት እንደሚቆረጥ ይፈልጋል።

አንድ ይቅር የማልለው ነገር አለ፤ መለኪያውን ሁለቴ ተጭኖ በላዩ በእጅ ሌላ ቁጥር መጻፍ። ሥዕሉ 3.46 እያለ «3.50 ይሁን» ብሎ መደለዝ ማለት ነው። ለዛሬ ያሳልፍሻል። ነገ ሌላ ሰው ያንን ፋይል ወስዶ ስትራክቸር (የኮለንና የቢም ንድፍ) ሲሠራበት የሱ ኮለን በትክክለኛው 3.46 ላይ ይቆማል፣ ያንቺ በር ግን በተጻፈው 3.50 ላይ ይከፈታል። እኔ ወረቀት ሲመጣልኝ ከሁሉ አስቀድሜ የማደርገው ካልኩሌተር አውጥቼ ትንንሾቹን መለኪያዎች መደመር ነው። ድምሩ ከውጭው ጠቅላላ ጋር ካልገጠመ ቀሪውን አላነብም፤ እዚያው ቀይ አሰምሬ እመልሳለሁ። አለቃሽም እንደዚያ እንደሚያደርጉ እወራረዳለሁ። አንቺ ቀድመሽ ደምሪው።

ቀጥሎ ወረቀቱ ራሱ አለ። አጭር ኮርስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይሄ ነው፤ ተማሪው ሞዴል ስፔስ (የአውቶካድ መሣያ ገጽ) ላይ ሥሎ፣ ፒዲኤፍ አውጥቶ ይመረቃል። ቢሮ ውስጥ ግን ሥራው በሌይአውት (ለኅትመት በሚዘጋጀው ገጽ) ነው የሚያልቀው። ሞዴሉ ላይ ሁሉንም በእውነተኛ ልኩ ትሥያለሽ፤ ስኬል የሚመጣው በቪውፖርቱ (ሌይአውቱ ላይ ሞዴሉን በሚያሳየው መስኮት) ነው። በሜትር የምትሥይ ከሆነና ወረቀቱ በሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ለ1:100 የቪውፖርቱ ዙም 10 ኤክስፒ (ከወረቀቱ አንጻር 10 እጥፍ)፣ ለ1:50 ደግሞ 20 ኤክስፒ ነው። ጽሑፍ ወረቀት ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ እንዲነበብ ከፈለግሽ ለ1:100 ሞዴሉ ላይ ቁመቱ 0.25 ሜትር፣ ለ1:50 ግን 0.125 መሆን አለበት። ይህን ስሌት አንዴ በእጅሽ ብትሠሪው «ጽሑፉ ለምን ጠፋ፣ ለምን ገነነ» የሚለው ጭንቀት ይለቅሻል። አኖቴቲቭ የሚባለው ዘዴ ይህንኑ በራሱ ይሠራልሻል፤ ቢሆንም ስሌቱን ሳታውቂ እሱን ብትይዢ ሲበላሽ ማስተካከያው ይጠፋሻል።

ማተሚያ ቤት ስትልኪ «ፊት ቱ ፔፐር» የምትለዋን ምልክት አጥፊ። እሷ እያለች ወረቀቱ ላይ 1:100 ብለሽ የጻፍሽው ውሸት ነው። ኤ1 ተብሎ የተዘጋጀውን ወደ ኤ3 ካሳነስሽው በትክክል ግማሽ ይሆናል፤ 1:100 የነበረው 1:200 ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የስም ሠንጠረዡ ላይ ሁለቱንም ጻፊ፦ «1:100 በኤ1፣ 1:200 በኤ3»። ከታተመ በኋላም የምታውቂው 5 ሜትር ላይ ማስመሪያ አስቀምጪበት። ኤ1 ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ ወደ ሳይት እንዳይሄድ።

የመስመር ውፍረት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደስ የሚለኝ ነገር ስለሆነ ነው። እኔ የጀመርኩት በሮትሪንግ ብዕር፣ በትሬሲንግ ወረቀት ላይ ነው። ስሕተት ሲኖር ቀለሙን በምላጭ እየፋቅን። ብዕሮቹ 0.25፣ 0.35፣ 0.5፣ 0.7 ነበሩ፤ ለምን እንዲህ ዓይነት ያልተለመደ ቁጥር እንደሆነ ለዓመታት አልጠየቅኩም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ አንዱ ከሌላው የሚበልጠው በ1.4 እጥፍ ያህል ነው፤ ኤ1 ከኤ2 የሚበልጠውም ጎኑ ሲለካ በዚያው ልክ ነው። ወረቀቱን አንድ ደረጃ ስታሳንሺው 0.5 የነበረው 0.35 ይሆናል፤ በ0.35 ብዕር ልታርሚው ትችያለሽ። ዛሬ አውቶካድ ውስጥ የምታያቸው ቁጥሮች ከዚያ የመጡ ናቸው። በተግባር፦ ሴክሽን (ቤቱ ተቆርጦ ሲታይ የሚሣለው) የቆረጠው ግድግዳ 0.5፣ ከኋላ የሚታየው 0.25፣ መለኪያና ሀች (መሙያ መስመር) 0.13 ወይም 0.18። ሁሉም እኩል ከቀጠነ አንባቢው የተቆረጠውንና ከሩቅ የሚታየውን መለየት ያቅተዋል፤ አለቃሽ «ሥዕል» ያሉት ምናልባት ይህንንም ጨምሮ ይሆናል። ስክሪን ላይ ቢጫው ከቀዩ ይለያል፤ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ግን ሁሉም ጥቁር ይሆናል። ሁልጊዜ በወረቀት ፈትኚ።

ሌየር (መስመሮች በየዓይነታቸው የሚመደቡበት ንብርብር) ላይ ብዙ አልልሽም። የቢሮሽ ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መነሻ ፋይል) ካለ እሱን ተከተይ፤ የራስሽን ስም አትፍጠሪ። ቀለምና ውፍረት በእጅ እየመረጥሽ አትስጪ፣ ባይሌየር ይሁን፤ ከሌየሩ ይውረስ። ብሎክ (እንደ በር ያለ ደጋግመሽ የምታስገቢው ሥዕል) ስትሠሪ ውስጡን ሌየር ዜሮ ላይ ሥይው፤ ያኔ የትም ብታስገቢው የገባበትን ሌየር ጠባይ ይወስዳል። ዴፍፖይንትስ የሚባለው ሌየር ላይ የተቀመጠ ነገር አይታተምም፤ «ስክሪኑ ላይ አለ፣ ወረቀቱ ላይ የለም» ብለሽ ማታ ከማልቀስሽ በፊት እዚያ ፈልጊው።

የሌላ ሰው ፋይል ስትቀበዪ መጀመሪያ ዩኒቱን እዪ። አርክቴክቱ በሜትር፣ ስትራክቸሩ በሚሊ ሜትር ከሆነ በኤክስሬፍ (የሌላ ፋይል ማያያዣ) ስታያይዢው አንዱ ሺህ ጊዜ ገዝፎ ይመጣል፤ ሌላው ነጥብ አክሎ ይጠፋል። የታወቀ በር ለኪ፦ 0.9 ካለ ሜትር ነው፣ 900 ካለ ሚሊ ሜትር።

ከይዞታ ካርታ ተነስተሽ ሳይት ፕላን ከሠራሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። እነዚያ ረጃጅም የኤክስና የዋይ ቁጥሮች በአገራችን ብዙውን ጊዜ አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የካርታ መለኪያ መነሻ) የተሰጡ ናቸው፣ ዞን 37። ስልክሽ ላይ ያለው ጂፒኤስ የሚሰጥሽ ግን ደብሊው-ጂ-ኤስ 84 ነው። በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ሳያውቅ ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ቤቱን ጎረቤት ቀበሌ ሊያሳርፈው ይችላል። ቁጥሩ ትልቅ ነው ብለሽም ቦታውን ጎትተሽ ዜሮ ላይ አታምጪው፤ ቀያሹ በኋላ የማዕዘኖቹን ኮኦርዲኔት ከፋይልሽ ሲወስድ መሠረቱ ይናጋል። ለመሣል እንዲመችሽ ዩሲኤሱን (የመሣያውን የኤክስና የዋይ አቅጣጫ) አዙሪ፣ ሥዕሉ ባለበት ይቆይ።

አማርኛ ስትጽፊ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከመጣ ፎንቱ ኤስኤችኤክስ (የአውቶካድ የራሱ የፎንት ዓይነት) ነው፤ እነዚያ ፊደላችንን አያውቁም። ኒያላን የመሰለ የዊንዶውስ ፎንት የያዘ ለብቻው ቴክስት ስታይል አበጂ። ለሌላ ሰው ስትልኪ በኢትራንስሚት ጠቅልለሽ ላኪ፤ ኤክስሬፉም የማተሚያ ስታይሉም አብረው ይሄዳሉ። ቀን ስትጽፊ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በይበት። «12/05/17» የሚል ማሻሻያ አይቼ ጥር ይሁን ሜይ፣ 2017ቱም የማን እንደሆነ ለመለየት ግማሽ ቀን የስልክ ወሬ ያወራሁበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ልምምዱ። ቅዳሜና እሁድሽን ስጪኝ። የምትኖሪበትን ክፍል በ5 ሜትር ሜትር ለኪው። አራቱን ግድግዳ ብቻ ለክተሽ አራት ማዕዘን እንዳትሥይ፤ ሁለቱን ሰያፎችም ለኪ። ክፍሉ 3.60 በ4.20 ከሆነና ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ከሆነ ሁለቱም ሰያፎች 5.53 ይመጣሉ። ያንቺዎቹ 5.49 እና 5.57 ቢመጡ አትደንግጪ፣ አብዛኛው ቤታችን እንደዚያ ነው። አሁን አውቶካድ ላይ ረጅሙን ግድግዳ ሥዪ፤ ከአንዱ ጫፍ የጎኑን ግድግዳ ርዝመት፣ ከሌላው ጫፍ ሰያፉን ሬዲየስ አድርገሽ ሁለት ክብ ሥዪ። የተገናኙበት ነጥብ እውነተኛው ማዕዘን ነው። ቀያሾች በገመድ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከዚያ በሩን፣ መስኮቱን፣ የመስኮቱን ደፍ ከፍታ፣ ሶኬቱን፣ ማብሪያውን ጨምሪ። አንድ ፕላን፣ ሁለት ሴክሽን፣ አንድ የመስኮት ዲቴይል በ1:10። የስም ሠንጠረዥ አድርጊላት፤ ኤ3 አሳትሚ።

ፈተናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወረቀቱን ክፍልሽን አይቶ ለማያውቅ ሰው ስጪው፤ ወንድምሽም ይሁን የጎረቤት ልጅ። ጄሶና ሜትር ስጪውና ግቢ ውስጥ መሬት ላይ እንዲያሰምረው አድርጊ። አንቺ አፍሽን ዝጊ። ቆሞ ያሰበበትን ቦታ፣ «ይሄ ከየት ነው የሚለካው?» ብሎ ዘወር ብሎ ያየሽበትን ቦታ በቀይ ምልክት አድርጊበት። ያ ቀይ አለቃሽ ከሚያሰምሩት ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ታያለሽ። የኔ ተለማማጆች በመጀመሪያው ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ላይ ይወድቃሉ፤ በሁለተኛው ግን ጄሶ የያዘው ሰው ዝም ብሎ ይሠራል።

ከዚሁ ጋር፣ መሠረት በሚወጣበት ቀን ሳይት እንዲወስዱሽ አለቃሽን ለምኛቸው። አንድ ጠዋት ሲባጎ ሲወጠርና ቱንቢ ሲወርድ ማየት ብዙ ሳምንት ያስተምራል። የተመለሱልሽን ቀይ ወረቀቶችም አትጣያቸው፣ በቀን አስቀምጪያቸው። ተመሳሳይ ቀይ ሦስት ጊዜ ከመጣ ከመላክሽ በፊት የምታነቢያት የራስሽ ዝርዝር ላይ ይግባ።

ስለ ሬቪት፦ ብትማሪው ጥሩ ነው፣ አሁን ግን አይደለም። ሬቪት ግድግዳን እንደ ግድግዳ ያውቀዋል፤ ፕላኑን ስታንቀሳቅሺ ሴክሽኑ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የበር ሠንጠረዡን ራሱ ይቆጥራል። ግሩም ነው። ነገር ግን መለኪያ ከየት እንደሚነሳ አይነግርሽም፣ ምን መታየት እንዳለበትም አይወስንልሽም። ድሮዊንግ የማያነብ ሰው ሬቪት ሲይዝ ያንኑ ስሕተት በሦስት ዲ ያሳምረዋል። ደግሞም በአዲሱ ሬቪት የተሠራ ፋይል ወደ አሮጌው ቨርዥን አይመለስም፤ አውቶካድ ግን በ2018 ወይም በ2013 ፎርማት አስቀምጦ ለሁሉም ያዳርስልሻል። ቢሮሽ በአውቶካድ የሚሠራ ከሆነ ይህን ዓመት በሱ ጨርሺ።

ስንት ጊዜ? ትዕዛዞቹን አውቀሻቸዋል። ማንም ሳያርምሽ የአንድ መኖሪያ ቤት ሙሉ ሺት (የድሮዊንግ ወረቀቶች) ለማውጣት፣ በየቀኑ እየሠራሽ፣ አንድ ዓመት ገደማ ብትገምቺ አትሳሳቺም። አራት ወር ላይ ቀይ መብዛቱ የተለመደ ነው። ቀዩ ቆሞ ሌላ ሰው ዝም ብሎ እያረመልሽ ቢሆን ነበር የምሰጋልሽ።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ የተማሪ ላይሰንሱ ነጻ ቢሆንም ለትምህርት ብቻ ነው፤ የደንበኛ ሥራ በቢሮው ላይሰንስ ይሁን። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን የተሰነጠቀ ቅጂ ራቂው። ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ አንቺ ያላስቀመጥሽው «አካድ ዶት ኤልኤስፒ» የሚባል ፋይል ካገኘሽ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ሳትከፍቺ ለአይቲ ሰው አሳዪ።

ላፕቶፑ፦ ለሁለት ዲ ሥራ 8 ጊጋ ራም ያዘግምሻል፣ 16 ይሁን። ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ገንዘብ ከተረፈ ግራፊክስ ካርድ ላይ ሳይሆን ትልቅ ስክሪን ላይ አውጪው፤ በ14 ኢንች ኤ1 ሺት ማየት ዓይን ያፈዛል። መብራት እንደሚጠፋ ስለምታውቂ ባትሪው ጤነኛ መሆኑን ሳታዪ ያገለገለ እንዳትገዢ፣ የራስ-ሰር ማስቀመጫውንም 5 ደቂቃ ላይ አድርጊው። ፋይል ከተበላሸብሽ በጎኑ ያለችውን ባክ (.bak) ፋይል ስሟን ወደ ዲደብሊውጂ ቀይረሽ ክፈቺ። ተሽከርካሪ ጎማ ያለው ማውስም ግዢ። በላፕቶፑ መዳሰሻ ልሥራ ያለ ተለማማጅ ነበረኝ፤ ሁለት ሳምንት አልቆየም፣ የእጁ አንጓ አብጦ መጣ።